ስልኩን አረንጓዴ ለማድረግ ደጅ የሚጠናው ማን ዘንድ ነው? የፌርፎን ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

በቴክኖሎጂው ዓለም ስለ አረንጓዴ የአቅርቦት ሰንሰለት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱት ትልልቆቹ ናቸው። አፕል እንዲህ አደረገ፣ ሳምሰንግ እንዲህ ቃል ገባ ይባላል። ከእነሱ መማር ግን ቀላል አይደለም። በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስልክ የሚሸጥ ድርጅት አቅራቢውን «ፋብሪካህን በታዳሽ ኃይል አንቀሳቅስ» ቢለው፣ አቅራቢው እሺ ከማለት ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም። አብዛኛው ነጋዴ ግን እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ቢጮህም የሚሰማው የለም።

ስለዚህ ትንሽ ድርጅት መረጥኩ። ፌርፎን ይባላል። መቀመጫው አምስተርዳም፣ ኔዘርላንድስ ነው። በጥሩ ዓመቱ እንኳ የሚሸጠው ከመቶ ሺህ ብዙም የማይዘል ስልክ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከቢሊዮን በላይ ስማርት ስልክ እንደሚሸጥ ካሰብን፣ ድርሻው ከአሥር ሺህ አንድ ገደማ ነው። ድርጅቱ የተሳካለትንም ያልተሳካለትንም በየጊዜው ስለሚያሳትም ለጥናት ይመቻል።

የሰዎችን ስም አልጠቅስም። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው አረንጓዴ ለመሆን የሚሞክር ስልክ ሠሪ ትልቁ ፈተናው ማዕድን ማውጫው ላይ ይመስለዋል። ማዕድኑ ከባድ ነው፤ አይካድም። ፌርፎንን ለዓመታት እንቅልፍ የነሳው ግን ቺፑን፣ ማለትም የስልኩን አንጎል፣ የሚሠራው ድርጅት ነው።

መነሻው

ነገሩ በ2010 ሲጀመር ድርጅት አልነበረም፤ ዘመቻ ነበር። ዘመቻው በምሥራቅ ኮንጎ የሚወጡ ማዕድናት ለታጣቂዎች ገንዘብ እንደሚሆኑና እነዚያው ማዕድናት በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ እንደሚገኙ ለሕዝብ ያስረዳል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ቆርቆሮ፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ የሚጠቀሙ ከሆነ ምንጩ ኮንጎና አካባቢዋ መሆን አለመሆኑን አጣርተው ይፋ እንዲያደርጉ ያስገድዳል።

የሕጉ ሐሳብ ጥሩ ነበር። ያስከተለው ነገር ግን ሌላ ሆነ። ለብዙ ኩባንያ ቀላሉ መንገድ አካባቢውን እርግፍ አድርጎ መተው ነበር። ምንጩን ከማጣራት ከሌላ አገር መግዛት ይቀላል። ከታጣቂ ጋር ምንም ንክኪ የሌለው፣ በእጁ ቆፍሮ የሚያድር ሰው ገበያው ጠፋበት።

ዘመቻው ላይ የነበሩት ሰዎች በተቃራኒው ሄዱ። ኮንጎን ከመሸሽ እዚያው ገብቶ ከተጣራ ማውጫ መግዛት ይሻላል አሉ። ሰንሰለቱን ለመረዳትም ስልክ መሥራት ያስፈልጋል ብለው በ2013 መጀመሪያ ድርጅት አቋቋሙ። ዲዛይነር የነበረው መሥራች ከዚያ በፊት ስልክ ሠርቶ አያውቅም።

ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ገና ያልተሠራውን ስልክ በቅድሚያ ሸጡ። ዋጋው 325 ዩሮ ነበር። ምርት ለመጀመር 5,000 ገዢ ይበቃ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን የመጀመሪያው ዙር 25,000 ስልክ ተሽጦ አለቀ። የሥራ ማስኬጃው ገንዘብ ከደንበኞች ኪስ መጣ። ደንበኞቹ ለወራት ጠበቁ።

ችግሩ፦ አረንጓዴነቱ የት ላይ ነው?

ስልክ ሲባል ሰው የሚያስበው የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ግን ትንሹ ነው። በርሊን የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም የፌርፎንን ስልኮች ከማዕድን ቁፋሮ እስከ መጣያ ድረስ አጥንቷል። የካርቦን ልቀቱ አብዛኛው፣ ወደ ሦስት አራተኛው ገደማ፣ የሚወጣው ስልኩ በሚመረትበት ጊዜ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ከቺፖቹ ይመጣል። ገዢው ስልኩን ከካርቶኑ ሲያወጣ ጉዳቱ በአብዛኛው ደርሷል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ በብዙ ዓመት ማካፈል ነው። ለአራተኛው ስልካቸው የተሠራው ጥናት እንዳሳየው፣ ስልኩን ሦስት ዓመት መጠቀሙ ቀርቶ አምስት ዓመት ቢጠቀሙበት የዓመቱ ልቀት በ31 በመቶ ይቀንሳል። ሰባት ዓመት ቢሆን በ44 በመቶ። ጥሩ ወርቅ መግዛትም፣ ፕላስቲክን መልሶ መጠቀምም ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ስልክ ሰባት ዓመት እንዲኖር ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው መለዋወጫ ነው። ሁለተኛው የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ሁለቱም በፌርፎን እጅ አልነበሩም።

የመጀመሪያው ስልክ

በመጀመሪያው ስልክ ድርጅቱ የራሱን ንድፍ አልሠራም። አንድ የቻይና አምራች ያዘጋጀውን ንድፍ ወስዶ አሻሻለው። ስልኩ ቾንግቺንግ ውስጥ ተገጣጠመ። ቆርቆሮውና ታንታለሙ ከኮንጎ ከተጣሩ ማውጫዎች እንዲገባ ተደረገ። ለሠራተኞች ደኅንነት የሚውል ፈንድም ተቋቋመ። ለእያንዳንዱ ስልክ ፌርፎን 2.50 ዶላር፣ አምራቹም ያንኑ ያህል ያዋጡ ነበር። በሁለት ዙር በጠቅላላው 60,000 ስልክ ተሸጠ። ስልክ ሠርቶ ለማያውቅ ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጣጣው ቆይቶ መጣ። በ2017 አጋማሽ ድርጅቱ ለዚህ ስልክ መለዋወጫ ማቅረብ እንደማይችል አስታወቀ። ባትሪ እንኳ አልቆ ነበር። ስልኩ አንድሮይድ 4.2 ይዞ የወጣ ሲሆን ወደ አዲሱ ማሳደጉም አልተሳካም። ቺፑ ሚዲያቴክ የተባለው ቺፕ ሠሪ ያመረተው ነበር፤ ለማሻሻያ የሚያስፈልገው የውስጥ ኮድ በፌርፎን እጅ አልነበረም።

«ረጅም ዕድሜ ያለው» ተብሎ የተገዛ ስልክ ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ባትሪ አጣ። ገዢዎች ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው።

ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። መለዋወጫ አምራች ዝቅተኛ የትእዛዝ መጠን አለው። ጥቂት ሺህ ባትሪ ልሥራልህ አይልም፤ ማሽኑን ለዚያ ማቆም አያዋጣውም። ታዲያ ቀድሞ በብዛት ገዝቶ ማስቀመጥስ? ስክሪን ይቀመጣል። ሊቲየም ባትሪ ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ለአምስት ዓመት የሚበቃ ባትሪ ዛሬ ገዝቶ መጋዘን መክተት ነገ የደከመ ባትሪ መሸጥ ነው። ንድፉ የሌላ ሰው በመሆኑም ተመሳሳይ ባትሪ ሌላ ቦታ ለማሠራት እንኳ ነገሩ ይወሳሰባል።

ሁለተኛው ስልክ

ለዚህ መልሳቸው በታኅሣሥ 2015 ወጥቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ስልክ መለዋወጫ ከማለቁ በፊት ማለት ነው። ፌርፎን 2ን ራሳቸው ነደፉት። ስክሪኑ ያለ ምንም መሣሪያ ይወልቃል። ካሜራው ለብቻው፣ ድምፅ ማጉያውንና ቻርጅ ማድረጊያውን የያዘው ክፍልም ለብቻው በተራ ካቻቢቴ ይፈታሉ። የጥገና መመሪያ የሚያወጣው አይፊክስኢት ከአሥር አሥር ሰጠው። ለስማርት ስልክ ይህ ነጥብ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

በ2017 አንድ የሚያምር ነገር ሠሩ። የተሻለ ካሜራ ለብቻው አውጥተው ሸጡ። የድሮው የኋላ ካሜራ 8 ሜጋፒክስል ነበር፤ አዲሱ 12። ስልኩ ያለው ሰው ካሜራውን ብቻ ገዝቶ ቤቱ ቀየረ። በስማርት ስልክ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው።

ዋጋው ግን ከ500 ዩሮ በላይ ነበር። በዚያ ዋጋ ሌላ ሱቅ በጣም ፈጣን ስልክ ይገኛል። ስልኩም ወፍራም ነበር። አንዳንድ ጊዜ ስልኩም መለዋወጫውም ከመደብሩ ይጠፋ ነበር። በ2019 የሚገጣጠምበት አካል አቅርቦት ሲያልቅ ሽያጩ ቆመ። ያም ሆኖ የዚህ ስልክ ዋና ታሪክ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቺፑ ነው።

ቺፑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና።

ስልክ ሠሪ ቺፕ ሲገዛ ዕቃውን ብቻ አይገዛም። ቺፕ ሠሪው ቺፑን ከካሜራው፣ ከኔትወርኩና ከስክሪኑ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር አብሮ ይሰጣል። ጎግል አዲስ አንድሮይድ ሲያወጣ ይህም ሶፍትዌር መታደስ አለበት። የሚያድሰው ቺፕ ሠሪው ነው። እሱ «ለዚህ ቺፕ በቃኝ» ካለ፣ ስልኩ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ሶፍትዌሩ ባለበት ይቆማል። ከዚያ የደኅንነት ቀዳዳ ይበዛል፤ የባንክ መተግበሪያ አልሠራም ይላል፤ ሰውየው ደህና ስልክ መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ሌላ ይገዛል። ቺፕ ሠሪውም አዲስ ቺፕ ይሸጣል። ለአሮጌው ቺፕ ገንዘብ የሚያወጣበት ምን ምክንያት አለው?

ፌርፎን 2 የያዘው ኳልኮም የተባለው ቺፕ ሠሪ የሚያመርተውን ስናፕድራገን 801 ነበር። ይህ ቺፕ ገበያ የገባው በ2014 ነው። ስልኩ ሲወጣ ቺፑ ዕድሜውን ጀምሮ ነበር። ኳልኮም ከአንድሮይድ 6 በኋላ ለዚህ ቺፕ ድጋፉን አቆመ። ትልልቆቹ ስልክ ሠሪዎች እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ስልኩን ይተዉታል። ፌርፎን መተው አልቻለም። «ረጅም ዕድሜ» ብሎ ነው የሸጠው።

ስለዚህ ሥራውን ራሱ ያዘ። ያለ ቺፕ ሠሪው እርዳታ አዲሱን አንድሮይድ በአሮጌው ቺፕ ላይ ማስነሣት ማለት ነው። በዚህ ላይ የረዳቸው ሊኒጅኦኤስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ስልክ ሠሪዎች የተዉትን ስልክ በነፃ ያድሳሉ። ይሁንና በቤት የሚጫን ሶፍትዌርና ለሁሉም ደንበኛ በይፋ የሚላክ ሶፍትዌር አንድ አይደሉም። ይፋ የሚሆነው የጎግልን ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈተናው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጠላ ሙከራዎች አሉት። ዓመታት ፈጀ። አንድሮይድ 7 በ2018 መጨረሻ ደረሰ። አንድሮይድ 9 በመጋቢት 2021። አንድሮይድ 10 በ2022። ድጋፉ የተዘጋው በመጋቢት 2023 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

በምህንድስና ሲታይ ጀግንነት ነው። በንግድ ሲታይ ግን አያዛልቅም። አንድ ትልቅ ኩባንያ ይህን ወጪ በአሥር ሚሊዮን ስልክ ያካፍለዋል። ፌርፎን በጥቂት አሥር ሺዎች ነው የሚያካፍለው። አንድሮይድ 9 ሲደርስ ደግሞ በዓለም ላይ አንድሮይድ 11 ወጥቶ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በአምስተኛው ስልክ ነው። በነሐሴ 2023 የወጣው ፌርፎን 5 በስልክ ገበያ የተለመደ ቺፕ አልያዘም። ኪውሲኤም6490 የሚባል ለኢንዱስትሪ ዕቃዎች የተሠራ የኳልኮም ቺፕ ያዘ። በመጋዘንና በፋብሪካ የሚሠሩ የእጅ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዛ ድርጅት በየሁለት ዓመቱ አይቀይርም። ስለዚህ ኳልኮም ለዚህ ቺፕ ከመጀመሪያውም ረጅም ድጋፍ አዘጋጅቶለት ነበር። ፌርፎን ያን ይዞ እስከ 2031 የሶፍትዌር ድጋፍ ቃል ገባ፤ ስምንት ዓመት።

በእኔ እይታ ከጉዳዩ ሁሉ ብልኅ ውሳኔ ይህ ነው። ኳልኮምን ማሳመን አልቻሉም፤ መቶ ሺህ ስልክ ይዘህ ኳልኮምን አታሳምንም። የሚፈልጉት ውል ቀድሞ የተሰጠበትን መደርደሪያ ፈልገው ከዚያ ገዙ። ነፃ ግን አልነበረም። ቺፑ ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ ስልኩ ደግሞ 699 ዩሮ ተባለ። ተቺዎች ይህን ሳይናገሩ አላለፉም።

ማዕድኑና ፋብሪካው

በማዕድን በኩል የሠሩት ብዙ ነው። ተንግስተን ከሩዋንዳ አስገቡ። በ2016 ለአምራቹ ተገቢ ዋጋ መከፈሉን በሚመሰክረው በፌርትሬድ የተመሰከረለት የፔሩ ወርቅ ወደ ስልካቸው ሰንሰለት ገባ። ከኦስትሪያው የሰርኪት ሰሌዳ አምራች ኤቲ ኤንድ ኤስ ጋር ነበር የሠሩት። በ2020 ደግሞ በኮንጎ በእጅ የሚቆፈረውን ኮባልት ሁኔታ ለማሻሻል የተቋቋመውን ፌር ኮባልት አሊያንስ ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ።

ወርቅ ላይ ያለው ችግር መጠኑ ነው። በአንድ ስልክ ውስጥ ያለው ወርቅ በሚሊግራም ነው የሚለካው። ማጣሪያው ውስጥ ሲገባ ከሌላው ጋር ይቀልጣል። የእኔ ወርቅ የቱ ነው ብሎ ለይቶ መከታተል ወጪው ከወርቁ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለኮባልትም ለወርቅም በሒሳብ ወደ ማስተካከል ሄደዋል። ስልኮቹ የሚፈጁትን ያህል በተጣራ መንገድ መመረቱን ይደጉማሉ፤ ያ ቅንጣት ራሱ ስልኩ ውስጥ መግባቱን ግን አያረጋግጡም። ይህን ማታለል ነው የሚል አለ። እኔ አልስማማም። ገንዘቡ ቆፋሪው ጋ ከደረሰ ቅንጣቱ የት እንደገባ ያን ያህል አያሳስበኝም። ግን ለገዢው በግልጽ መነገር አለበት።

ታንታለም ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ሲወጣ የኖረው እሱው ነው። ትልልቅ ገዢዎች «ስጋት ያለበት አካባቢ» ብለው አንድን አገር በጅምላ ሲሰርዙ ምን እንደሚሆን ከኮንጎ መማር ይበጃል።

ፋብሪካው ላይ ያለው ሒሳብ አስገራሚ ነው። ሦስተኛውን ስልክ ቻይና ሱጆ ከሚገኘው የአሪማ ፋብሪካ ጋር ሠርተዋል። ለኑሮ ከሚበቃው ደመወዝ በታች የሚከፈለውን ለማካካስ ለሠራተኞች ጉርሻ ይሰጣሉ። ለአንድ ስልክ ሲካፈል ከሁለት ዩሮ በታች ነው። አራተኛው ስልክ 579 ዩሮ ነበር። ከግማሽ በመቶ ያነሰ ማለት ነው። «ለሠራተኛ ጥሩ ብከፍል እከስራለሁ» የሚል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ይህን ቁጥር ደጋግሞ ቢያየው ጥሩ ነው። እርግጥ ፋብሪካው ለሌሎችም ደንበኞች ይሠራል። አንድ ትንሽ ደንበኛ ብቻውን የሁሉንም ደመወዝ አይሞላም።

ገንዘቡ

አረንጓዴነቱ ንግዱን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? መልሱ እንደ ዓመቱ ይለያያል።

በ2020 ወደ 95 ሺህ ስልክ ሸጠው ትርፍ አገኙ። በ2022 ሽያጩ ከ115 ሺህ በላይ ሆነ። በጥር 2023 አዲስ የ49 ሚሊዮን ዩሮ መዋዕለ ንዋይ ገባላቸው። ከዚያ በዚያው ዓመት ሽያጩ ወደ 100 ሺህ ወረደ፤ ኪሳራው ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ። ለማደግ ብለው ወጪ አብዝተው ነበር። ገበያው ደግሞ ቀዘቀዘ፤ 2023 ለዓለም የስማርት ስልክ ሽያጭ በአሥር ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ነበር።

ከዚህ ሥር ግን የሥራው ባሕርይ ያመጣው ጥያቄ አለ። ስልክህ ስምንት ዓመት የሚኖር ከሆነ ደንበኛህ መቼ ነው ተመልሶ የሚመጣው? ሌላው ስልክ ሠሪ የሚኖረው ደንበኛው በሦስት ዓመት ሲመለስ ነው። ፌርፎን ሁልጊዜ አዲስ ደንበኛ መፈለግ አለበት። መለዋወጫ መሸጥ ይረዳል፤ ሆኖም የ30 ዩሮ ባትሪ የ600 ዩሮ ስልክ አይተካም። በኔዘርላንድስ ስልኩን በወርኃዊ ኪራይ መስጠትም ሞክረዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ስልኩ በቆየ ቁጥር የሚያተርፈው አከራዩ ስለሆነ፣ ዕድሜና ገቢ ለአንድ ጊዜም ቢሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ።

ኢርፎንም መሸጥ ጀመሩ። እዚህ ላይ ስማቸው ተነካ። በ2021 አራተኛውን ስልክ ሲያወጡ የኢርፎን መሰኪያውን አስቀርተው በዚያው ቀን ገመድ አልባ ኢርፎን አቀረቡ። ባትሪው የማይቀየር ዓይነት ነበር። ስለ ብክነት ሲሰብክ የኖረ ድርጅት ይህን ሲያደርግ ታማኝ ደንበኞቹ ናቸው የጮሁት። በ2024 ባትሪው የሚቀየር ትንሽ ኢርፎን አወጡ። ጥሩ እርማት ነው፤ መሰኪያው ግን አልተመለሰም።

ሌሎቹ ሲከተሉ

ፌርፎን 5 በወጣ በአንድ ወሩ ገደማ ጎግል ለፒክስል 8 ስልኩ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገባ። በጥር 2024 ሳምሰንግ ለኤስ24 ያንኑ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው የሚገቡ ስማርት ስልኮች ቢያንስ የአምስት ዓመት ማሻሻያ እንዲኖራቸው፣ ሽያጩ ከቆመ በኋላም ለሰባት ዓመት መለዋወጫ እንዲቀርብ ደነገገ። ባትሪን ተጠቃሚው ራሱ እንዲቀይር የሚያስገድደው ደንብ ከየካቲት 2027 ይጀምራል።

ለዘመቻው ይህ ድል ነው። ከ2010 ጀምሮ ሲሉ የነበሩትን አሁን ሕግ ይላል። ለነጋዴው ፌርፎን ግን ከሌላው የሚለየው ነገር እየጠበበ መጣ። በሰኔ 2025 ያወጡት ስድስተኛው ስልክ ይህን ያሳያል። ሲወጣ ዋጋው 599 ዩሮ ነበር፤ ከፊተኛው በመቶ ዩሮ ቀነሰ። ቀጭን ሆነ። ወደ ተለመደው የስልክ ቺፕም ተመለሱ፤ ሆኖም ድጋፉን እስከ 2033 ቃል ገቡ። ጊዜው ተለውጧል፤ ያ የኢንዱስትሪ መደርደሪያ አሁን አላስፈለጋቸውም። ባትሪው ግን እንደ አምስተኛው በጣት አይወጣም፤ በብሎን ታስሯል። ለቅጥነቱ የከፈሉት ዋጋ ነው። ለሰባት ብሎን ካቻቢቴ ማንሣት ከባድ አይደለም፤ ይሁንና ያስተዋለ ደንበኛ ነበር።

ወደ ሌላ ሥራ ሊወሰድ የሚችለው

መጀመሪያ ወጪውን ለየብቻ መቁጠር ነው። «አረንጓዴ ውድ ነው» የሚለው ንግግር ሁሉን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። በዚህ ጉዳይ ለሠራተኛ የሚጨመረው ገንዘብ ርካሽ ነው። ገንዘብ የበላው የራስን ንድፍ መሥራትና ሶፍትዌርን ለብቻ ማደስ ነው። እነዚህ ደግሞ የሚወደዱት ሽያጩ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ አረንጓዴ ስለሆኑ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሥራ አስኪያጅ ጉርሻውን ይቆርጥና ዋናውን ወጪ ሳይነካው ይቀራል።

ሁለተኛው ለትንንሾች ነው። አቅራቢን መለወጥ ካልቻልክ የምትፈልገውን ቀድሞ የሚያደርግ አቅራቢ ወይም ዕቃ ፈልግ። ስናፕድራገን 801ን ለማኖር ሰባት ዓመት ተለፋ። ኪውሲኤም6490 ላይ ግን ግማሹ ሥራ በግዢው ቀን አለቀ።

ሦስተኛው፣ የአቅራቢው ግዴታ የሚለካው ግዢው ሲቆም ነው። ደንበኛ ሳለህ ሁሉም ያስተናግድሃል። የመጀመሪያው ስልክ ባትሪ ያለቀው ድርጅቱ አዲስ ትእዛዝ ማብዛት ሲያቅተው ነው። መለዋወጫ እስከ መቼ ይመረታል፣ በትንሹ ስንት ይታዘዛል፣ ንድፉን ለሌላ አምራች መስጠት ይቻላል ወይ፤ እነዚህ የመጀመሪያው ውል ላይ ካልተጻፉ በኋላ የሚጽፋቸው የለም።

ይህ ስልክ ለሚሠራ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ታብሌት፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በጅምላ የሚገዛ ተቋም ያው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። የጨረታ ሰነዶች ስለ ሜሞሪና ስለ ስክሪን ስፋት በዝርዝር ያወራሉ። የዋስትና ጊዜም ይጠይቃሉ። ዋስትና ግን የሚሸፍነው ብልሽትን ነው፤ የሶፍትዌር ድጋፍ ማብቃትን አይሸፍንም። ሁለት መስመር መጨመር ይቻላል፦ የደኅንነት ማሻሻያው የሚቆምበት ወርና ዓመት ይጻፍ፤ ባትሪው ለብቻው ስንት እንደሚሸጥና እስከ መቼ እንደሚቀርብ ይጻፍ። ተጫራቹ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ባዶ ትቶ ከመለሰ ቀጣዩን ተጫራች መጥራት ነው።